ሀ ስንት ነው?

የኔታ በሕይወት ሳሉ ከእኔ ጋር የሚያጣላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፊደል። «ፀሐይ»ን በጸሎቱ ጸ ጽፌ ሳሳያቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «ይህቺ ፀሐይ አትሞቅም፤ መልሺያት» ይሉኝ ነበር። «ሕዝብ»ን በሃሌታው ሀ ከጻፍኩማ አለቀልኝ። «ምነው፣ ሕዝቡ ምን አደረገሽ?» ብለው ቢሮውን በሙሉ ያስቁብኛል። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። «የኔታ፣ ሰው አንብቦ ከገባው ምን ጎደለ? ሀ ያው ሀ ነው» እላቸዋለሁ። «ለሰውስ ይሁን» ይላሉ ወደ ኮምፒውተራቸው ዞረው፤ «ለዚህ ግን ሀ ሦስት ነው።»

የኔታ ስማቸው አልነበረም። ቤተ ልሔም በምትባለው ደብር ድጓ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ ተምረው፣ ኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ዞረው፣ ጸጉራቸው መሸበት ሲጀምር ኮምፒውተር የለመዱ ሰው ስለነበሩ ቢሮው ያወጣላቸው መጠሪያ ነው። እኔ መካነ ኢየሱስ ከተማ የተማርኩ፣ ዲፕሎማዬን ይዤ የተቀጠርኩ ጀማሪ ነበርኩ። ሥራችን የመሬት መዝገብ ነው። ሚሊኒየሙ ካለፈ ሁለት ሦስት ዓመት ይሆነው ነበር። ጋይንት ይሁን ስማዳ ወይም እስቴ አልናገርም፤ በዚህ ነገር ሊያፍሩ የሚገባቸው ሰዎች ገና በሕይወት አሉ፣ አንዷ እኔ ነኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከየቀበሌው ገበሬው ጣቱን ያተመበት ቅጽ ይመጣል፤ እኔ ቅጹን ወደ ኮምፒውተር አስገባለሁ። የገባው ሁሉ የሚከማቸው ጥግ ላይ በተቀመጠችው ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ሰርቨር እንላታለን። የአንድን ሰው መሬት ከእሷ ውስጥ ፈልጎ በአንድ ወረቀት የሚያትመው ፕሮግራም ደግሞ በየኔታ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ እሱን «ሪፖርቱ» እንለዋለን። ሪፖርቱ ወደ ሰርቨሯ ለመግባት የራሱ መግቢያ ስምና የራሱ ፓስወርድ አለው። ያንን ያስቀመጡለት የኔታ ናቸው። አንድ ጊዜ ነገሩት፣ እሱ በቃሉ ያዘው፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ስለሱ አስቦ አያውቅም። እኔም የራሴ ፓስወርድ ነበረኝ፤ ግን በእኔ ስም ማስገባት እንጂ ማውጣት አይቻልም። «እጅሽ ችኩል ነው፤ አንድ ቀን አገሩን በሙሉ ትሰርዢዋለሽ» ብለው እንደዚያ ያደረጉት እሳቸው ናቸው።

የኔታ በኅዳር ታመሙ፣ ሳምንት ሳይሞላቸው ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ እኔ ከቅጽሩ ውጭ ከጸሐፊያችን ጋር ቆሜ ጠረጴዛቸው ለማን እንደሚሰጥ እያወራሁ ነበር። መስኮት አጠገብ ነው፣ ብርሃን አለው። ይህን ስናገር ፊቴ ይቃጠላል፤ ግን የሆነው እሱ ነው። ጠረጴዛውም ለእኔ ተሰጠኝ፤ እሰይ አልኩ።

በመጋቢት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በኃይል መጣና የየኔታን ኮምፒውተር አቃጠለው። ከዞን ሌላ ተላከልን፤ ሪፖርቱም እንደገና ተጫነበት። ሰርቨሯን ምንም አልነካት። ሁሉም ነገር ደኅና መስሎኝ ነበር፤ እስከዚያች ዓርብ ድረስ ሪፖርት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

በዚያች ዓርብ አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት መጡ። ሃምሳ ዓመት ይሆናቸዋል። እትዬ ብዬ ነበር የምጠራቸው፤ እዚህም እትዬ እላቸዋለሁ። የግማሽ ቀን መንገድ በእግራቸው መጥተዋል። በሩ ላይ ቆመው እጅ ሲነሱ፣ «ይግቡ እትዬ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው። ተቀምጠው የመጡበትን ነገሩኝ።

ባላቸው ከሞቱ ገና ዓመት አልሆናቸውም። በተዝካሩ ሰሞን፣ ቤቱ በሰው ሲጨናነቅ፣ የባላቸው ታላቅ ወንድም ሣጥን ከፍቶ የመሬት ደብተራቸውን ወሰደ። ቀጥሎ «መሬቱ የእኔ ነው፤ ለወንድሜ በውሰት ነው የሰጠሁት» ብሎ ከሰሳቸው፤ ሦስት ምስክርም አቆመ። መሬቱ ሁለት ማሳ ነው፤ አንዱ ገብስ፣ አንዱ ድንች፤ ቤታቸውም ያለው ድንቹ ዳር ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ እትዬ ግን ሞኝ አልነበሩም፣ ብቻቸውን ነበሩ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ እሷም ራቅ ያለ አገር አግብታለች።

«ዳኛው ምን አሉ?» አልኳቸው።

«መዝገቡ ላይ በእኔና በባሌ ስም ከተጻፈ የእኔ ነው አሉ። ካልተጻፈ ምስክሮቹን እንሰማለን አሉ። የዛሬ ሳምንት ዓርብ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ወረቀቱን ይዘሽ ነይ ብለውኛል።» ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቀስረው አሳዩኝ። «ጣቴን አትሜያለሁ እኮ ልጄ። ከእሱ ጎን፣ በዚህችው ጣቴ።»

ከእኛ የተመለሱት ቅጾች ያሉበት የቀበሌያቸው የወረቀት መዝገብ ጣራው አፍስሶበት ገጹ እርስ በርሱ ተጣብቆ ነበር፤ ከዚያ የሚገኝ ነገር የለም። እኔ ግን አልሰጋሁም። የቀበሌያቸውን ቅጽ ከሦስት ዓመት በፊት ያስገባሁት እኔው ራሴ ነኝ። «ይህማ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው እትዬ» አልኩ። አፌን በቆረጠው! ሪፖርቱን ስከፍተው ሠንጠረዥ በማየት ፈንታ አንዲት ትንሽ ሣጥን ብቅ አለች። በእንግሊዝኛ ነው የምትናገረው፤ በእኛ ቋንቋ «መግባት አልተቻለም፤ ስሙ ወይም ፓስወርዱ ትክክል አይደለም» ማለቷ ነው።

«ምን አለ?» አሉ እትዬ።

«አላስገባም አለኝ።»

«ማን ነው የከለከለው?»

«ፓስወርድ ነው እትዬ።»

ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሱ የማን ወገን ነው?» አሉኝ።

ሣቅሁ። እሳቸው ግን አልሣቁም። የባላቸው ወንድም በየቢሮው ሰው እንዳለው ሰምተዋል፤ ፓስወርድም ከነዚያ አንዱ መስሏቸዋል።

ሰኞ የማውቀውን ሁሉ አደረግኩ። ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ። ሰርቨሯን አጥፍቼ አበራሁ። የራሴን ስምና ፓስወርድ ሰጠሁት፤ «ማየት አይፈቀድልሽም» አለኝ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼው ነው፤ አገር ሙሉ መሬት እዚያች ሣጥን ውስጥ ተኝቷል፣ እኔ የአንዲት ሴት ሁለት ማሳ ማየት አቃተኝ። ከዞን ኮምፒውተር ለሚጠግነው ሰው ደወልኩ።

«ሰርቨሯ ትታይሻለች?» አለኝ።

«ትታየኛለች።»

«አዳዲስ ቅጽ ታስገቢያለሽ?»

«አስገባለሁ።»

«እንግዲያው መረጃው ደኅና ነው። ሪፖርቱ በቃሉ ይዞት የነበረው ፓስወርድ ከተቃጠለው ማሽን ጋር አብሮ ሄዷል። እንደገና ንገሪው፣ ይሠራል።»

«የቱን ልንገረው?»

«ያስቀመጠለትን ሰው ጠይቂዋ።»

«ሞተዋል።»

«ነፍስ ይማር» አለ ቆይቶ። እሱ መጥቶ በሌላ መንገድ ሊከፍተው ይችላል፤ ግን ስንት ወረዳ ይጠብቀዋል፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። «እስከዚያ በግምት አትነካኪው። ሦስት ጊዜ ከተሳሳትሽ እስከ ማግስቱ ይቆለፍብሻል» ብሎ ዘጋው።

በግምት አትነካኪው የተባለችው እኔ፣ ማክሰኞ ጠዋት ገና ነጠላዬን ሳላስቀምጥ ነካካሁት። የየኔታን ልጅ ስም ሞከርኩ፤ እምቢ። ቤተ ልሔም ብዬ ጻፍኩ፤ እምቢ። የተወለዱበትን ዓመት ጻፍኩ፤ ተቆለፈ። ቁልፍ ሰሌዳውን በቡጢ መታሁት። «ኧረ የኔታ፣ ምን በድዬዎት ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ ጸሐፊያችን አማተበች። እትዬ በሩ አጠገብ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው ያዩኛል። ከተማ ውስጥ ከሩቅ ዘመድ ቤት እያደሩ በየቀኑ ይመጡ ነበር። አይጠይቁም፣ አይጨቀጭቁም። ያ ዝምታቸው ነው የሚያናድደኝ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ የየኔታን መሳቢያ ጎልጉዬ አወጣሁ። ከታች፣ ከቆየ የዓመት ቀን መቁጠሪያ ሥር፣ አንዲት ደብተር አገኘሁ። በዚያ ውብ የቁም ጽሕፈታቸው የቢሮውን ነገር ሁሉ መዝግበውበታል፤ የአታሚው ቀለም መቼ እንደተቀየረ ሳይቀር። መጨረሻ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «የሪፖርቱ መግቢያ፤ የነፍስ አባቴ የሚጠሩኝ፣ እንደ አማርኛው ተመትቶ።»

ቁጭ ብዬ አየሁት። ከዚያ ገባኝና ብቻዬን «ወይ ጉድ!» አልኩ። በእኛ አገር ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱ እናት አባት ያወጡለት፣ ሁሉ የሚጠራው ነው። ሁለተኛው ሲጠመቅ ካህኑ የሰጠው የክርስትና ስሙ ነው። ያንን ለሰው ሁሉ አይነግሩትም፤ በክፉ ሰው እጅ ከገባ ድግምት ይደገምበታል ተብሎ ይፈራል። የነፍስ አባት ያውቀዋል፣ በጸሎት ይጠራል፣ በቃ። የኔታ ከዚህ የተሻለ ፓስወርድ ከየት ያምጡ!

ወዲያውም ሌላው ነገር ትዝ አለኝ። ያ ስም በፍትሐቱ ላይ ጮክ ተብሎ ተጠርቷል። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግሞ። ቅጽሩ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። እኔ ከቅጽሩ ውጭ ጠረጴዛ እያማረኝ ነበር። እዚያው የተመኘሁት ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ኃላፊያችን «ለአንዲት ሴትዮ ብለሽ ቤተ ልሔም?» ብሎ አፌዘብኝ፤ ግን ፈቀደ። ሐሙስ ማለዳ በአይሱዙ ተጭኜ የሚያደርሰኝ ድረስ ሄድኩ፣ የቀረውን በእግሬ። የየኔታን ነፍስ አባት ያገኘኋቸው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለች ማሳ ዳር ነው፤ አባ ብቻ እላቸዋለሁ። መስቀል ተሳልሜ የመጣሁበትን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«የሙት ስም ምን ያደርግልሻል?»

«ኮምፒውተር ልከፍትበት ነው አባ።»

«የክርስትና ስሙን ለብረት ነገረው ነው የምትዪኝ?»

አባ ሊቆጡ ነው ብዬ ስጠብቅ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «እግዚአብሔር ይፍታው፤ ሰው ቢያጣ ነው» አሉ። ስለ እትዬ ነገርኳቸው፤ ስለ ተወሰደው የመሬት ደብተር፣ ስለ ሦስቱ ምስክሮች፣ ነገ ስምንት ሰዓት ስለሚጠብቃቸው ቀጠሮ። «ለመበለቲቱ ስል እነግርሻለሁ» ብለው ጠጋ አሉኝና በጆሮዬ ነገሩኝ። ስሙን ዛሬም አልናገርም።

«በንጉሡ ሠ ነው» አሉኝ ቀጥለው። «በእሳቱ ብትጽፊው ሌላ ሰው ነው፤ እሱን አታገኚውም። አንቺ ለመሆኑ ፊደል ትጠነቅቂያለሽ?»

«ኧረ አባ፣ የኔታም በዚሁ ነበር የሚጣሉኝ።»

«ተጠንቀቂ። ስም የሚቆመው በፊደሉ ነው።»

እጠነቀቃለሁ ብዬ ማልኩላቸው። ከልቤ ነበር፤ እሱን እግዜር ያውቃል።

ዓርብ አምስት ሰዓት አልፎ ደረስኩ፣ አቧራ ለብሼ። እትዬ አግዳሚ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ነጠላቸው ታጥቧል፤ ለፍርድ ቤት ነው። ቁጭ ብዬ ስሙን መታሁት፤ እጄ ለምዶ በእሳቱ ሰ። እምቢ። አንድ ሄደ። አማርኛ መጻፊያው ለንጉሡ ሠ ሌላ ቁልፍ ነው የሚፈልገው፤ ፈልጌ መታሁ። እምቢ። ሁለት ሄደ። ካልሆነ እስከ ነገ ይቆለፋል፣ ነገ ደግሞ ለእትዬ ምንም አይደለም። በስሙ ሁለት ቃላት መካከል ክፍተት መተዌ ታየኝ። ገጥሜ ጻፍኩት፣ በስመ አብ ብዬ ነካሁት።

ተከፈተ! ሠንጠረዡ ከነመስመሩ ወለል ብሎ መጣ። ጮህኩ። እትዬ ነገሩ ባይገባቸውም እልል አሉ፤ ጸሐፊያችንም ተነሥታ አቀፈችኝ። የየኔታን ስም በሥጋ ሳሉ ያላከበርኩትን ያህል ያን ዕለት አከበርኩት።

ሪፖርቱ ባልና ሚስትን የሚፈልገው በባልየው ስም ነው። «የባለቤትዎ ስም ማን ነበር እትዬ?» ነገሩኝ። በሀ ነው የሚጀምረው። እጄ ሊጽፍ ሲል የአባ ነገር ትዝ አለኝና ቆምኩ። «በየትኛው ሀ ነው?» አልኳቸው።

ግራ ገባቸው። «ሀ ስንት ነው ልጄ?» አሉኝ።

ሣቅሁ፤ እሳቸውም ሣቁ። ያቺ ሣቃችን እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። ከዚያ የኔታ ቢሆኑ እንዴት ይጽፉት ነበር ብዬ አሰብኩ። የስሙ ትክክለኛ አጻጻፍ በብዙኃኑ ኀ ነው፤ ይህንን አውቃለሁ፣ ስንት ጊዜ አርመውኛል። በብዙኃኑ ጻፍኩት። ፈልግ አልኩት።

«ምንም አልተገኘም።»

የአባታቸውን ስም ጨመርኩ። አልተገኘም። ቀበሌውን አስተካክዬ እንደገና ፈለግኩ፤ በዚያው በብዙኃኑ። አልተገኘም። የማሳውን ቁጥር እንዳልጠይቅ ቁጥሩ የተጻፈው በተወሰደው ደብተር ላይ ነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ኃላፊያችን በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። «ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ምሳ መውጣቴ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ነኝ፤ ማኅተሙ አብሮኝ ይሄዳል። አለ ወይስ የለም?»

«የለም» አልኩ።

«ደኅና አድርገሽ እይልኝ ልጄ» አሉ እትዬ። ሣቁ ከፊታቸው ገና አልጠፋም።

«አይቻለሁ እትዬ። ሦስት ጊዜ አይቻለሁ። ቅጹ ከቀበሌ ሳይመጣ ቀርቶ ይሆናል።»

«ጣቴን አትሜያለሁ እኮ።»

ምን ልበላቸው? «በመዝገባችን ውስጥ አልተገኘም» የሚል ደብዳቤ ጽፌ አተምኩ፣ ኃላፊያችን ፈረመ፣ ማኅተም አረፈበት። እትዬ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ሳሙትና ወጡ። ምን እንደሚል ነግሬያቸዋለሁ፤ ግን ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ምስክሮቹ ተሰሙ። መሬቱ ለባላቸው ወንድም ተፈረደ።

ከዚያ አንድ ወር እንኳ አልሞላም፤ የይግባኙ ጊዜ ገና አላለፈም ነበር። የሩብ ዓመት ሥራ ደረሰና የዚያን ቀበሌ ባለይዞታዎች በሙሉ በፊደል ተራ አትሚ ተባልኩ። ፕሪንተሩ የመጀመሪያውን ገጽ ሲተፋ አነሣሁት። ሦስተኛው መስመር ላይ የእትዬ ባል ስም አለ። አጠገቡ የእትዬ ስም አለ። ሁለቱ ማሳዎች ከነስፋታቸው አሉ። የባልየው ስም የተጻፈው በሃሌታው ሀ ነው።

እዚያው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ያንን የጻፈ ሌላ ማንም አይደለም፤ እኔ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ቅጹን ሳስገባ ሦስቱንም ሀ በአንድ ቁልፍ እየደበደብኩ አልፌአለሁ። እንደ ልማዴ ተሳስቼ ፈልጌ ቢሆን ኖሮ ወዲያው አገኛቸው ነበር። በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊደል ተጠንቅቄ የጻፍኩት በዚያች ቀን፣ በዚያ ስም ላይ ነው። የኔታ አሥር ጊዜ ነግረውኛል፤ ለማሽኑ ሀ ሦስት ነው።

ገጹን ይዤ ወደ ኃላፊያችን ሮጥኩ። አነበበው፣ ወደ በሩ ተመለከተ፣ ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለኝ።

«ይግባኝ መጠየቅ ይችላሉ እኮ። ሌላ ደብዳቤ እንጻፍላቸው።»

«በዚሁ ማኅተም የለም ብለን፣ በዚሁ ማኅተም አለ ልንል? ነገ ማን ያምነናል? የተፈረደለት ሰውዬ ጉቦ በልተው ነው ቢልስ? የዞኑ ባለሙያ ይምጣ፣ ያረጋግጥ፣ ከዚያ እናያለን። እስከዚያ አፍሽን ያዢ። አንቺ ደግሞ ገና ቋሚ አልሆንሽም።»

ያቺ የመጨረሻዋ ቃል በቃችኝ። ወጣሁ። የዞኑ ባለሙያ የመጣው የይግባኙ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው፤ መጥቶም ሰርቨሯን አይቶ፣ ፓስወርዱን ቀይሮ ሄደ፤ ስለ እትዬ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ብዙ ጊዜ በኃላፊያችን ላይ አመካኛለሁ፤ ግን ውሸት ነው። ያችን ገጽ እንደገና ለማተም አንድ ቁልፍ መንካት ይበቃ ነበር። ለስም ቤተ ልሔም ድረስ የሄደ እግሬ አልተሰበረም። የግማሽ ቀን መንገድ ሄጄ፣ «እትዬ፣ ይኸውልዎ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት እችል ነበር። ፈራሁ። እንጀራዬን ፈራሁ፤ ከዚያም በላይ ዐይናቸውን ፈራሁ። ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ቀኑ አለቀ።

ቋሚ ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ ሦስቱንም ሀ፣ ሁለቱንም ሰ፣ ሁለቱንም ጸ ሳልፈልግ የለም ብዬ አላውቅም። የመጡት አዳዲስ ልጆች ፊደል አጥባቂዋ እያሉ ያሾፉብኛል። ምን ዋጋ አለው?

ዓመታት አለፉ፤ እኔም ሥራ ቀይሬ ነበር። አንድ ቅዳሜ ለጉዳይ ንፋስ መውጫ ሄጄ በገበያው ሳቋርጥ፣ በዚያ ነፋስ ነጠላዬን አጥብቄ ይዤ፣ ከጉልት በኩል «ልጄ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል እትዬ ናቸው። አርጅተዋል። ማዳበሪያ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ በመደብ በመደብ አድርገው ተቀምጠዋል። ልሸሽ ነበር፤ እሳቸው ግን ተነሥተው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ፣ ደጋግመው ሳሙኝ።

«እንዴት ነዎት እትዬ?»

«ተመስገን። የዘመድ ጓዳ ተጠግቼ ይኸው አለሁ።»

ስለ መሬቱ አፌን ከፍቼ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ራሳቸው አነሡት። «ያንጊዜ አንቺ ስትለፊ አይቼ የለ? ቤተ ልሔም ድረስ ሄደሻል። ወንድምስ ለእኅቱ እንደዚያ ይሆናል? ማሽኑ የለም ካለ አንቺ ምን ታደርጊ!» አውራ ጣታቸውን አውጥተው አዩት። «እኔም ሳስበው ሳስበው፣ ሳላትም ቀርቼ ይሆናል እላለሁ። ያን ቀን ሰዉ ብዙ ነበር። መስሎኝ ይሆናል።»

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። እምላለሁ፣ ከፍቼ ነበር። «አትመዋል እትዬ» የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያስ? አሁን ምን ይመለስላቸዋል? እንዲህ ብዬ ዝም አልኩ፤ ያንጊዜም ዝም ያልኩት ምክንያት አጥቼ አልነበረም።

እጄን አልለቀቁትም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «የክርስትና ስምሽን ንገሪኝ እስቲ» አሉኝ። «በየጠዋቱ ኪዳን አደርሳለሁ። ውለታሽን የምመልስበት ሌላ የለኝም፤ በጸሎቴ እጠራሻለሁ።»

ነገርኳቸው። እንዳይረሱት ሁለት ጊዜ ደገሙት።